አንድ ኢንች የት ገባች?

ገበያ ነው ዛሬ፤ ቢቸና ላይ ሆኜ፣
ከጋሽ ሽባባው ደጅ ዱካ ለምኜ፣
የስልክ መስታወት ልክ እቀምራለሁ፤
ወርዱንም ቁመቱንም ራሱን እጠይቃለሁ።

«ሰባት መቶ ሃያ» ይለኛል ለወርዱ፣
«ሺህ ስድስት መቶ ነጥብ» ለቁመት መንገዱ።
በያንዳንዱ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ አለ?
«ሦስት መቶ ሃያ!» ሳያቅማማ ማለ።
ለኢንች አካፍዬ፣ በራሱ አባዝቼ፣
ደምሬ፣ ከድምሩ ዳግም ዘር አውጥቼ፣
አምስት ተኩል ኢንች መጣልኝ ሰያፉ፤
በዚያ ልክ ክብ ሣልሁ፣
ለኮት ቁልፍ ማረፊያ፣ ሃያ ሚሊ አፉ።

ጋሽ ሽባባው መጡ። ከአንገታቸው ሜትር፣
በከንፈራቸው ጫፍ አንድ መርፌ ከነክር።
ቁልፉን አስቀመጡ፤ ክቡ መኻል ዋኘ፤
ዙሪያውን በሙሉ ብርሃን ተገኘ።
«አንት ልጅ፣ ቀዳዳ በዚህ ልክ ብበሳ፣
ሙሽራው ደረቱን ገልጦ ፎቶ ሊነሳ?»

ሜትሩን በኢንቹ ፊት ገልብጠው፣ አዙረው፣
ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ወጥረው፣
(ጥጉም ክብ ነበረ፤ «ከየቱ ልጀምረው?»)
ስድስት ተኩል አሉ።
ዝም አልሁ።
አንድ ኢንች የት ገባች?

ኮዴን ደግሜ አየሁ፤ ቅንፉም አልጎደለ፤
ሒሳቡ አልዋሸም፤ ስልኩ ነው ያበለ።
ፋብሪካው ነጥቡን ቆጥሮ መች ሰጠለት፣
ለዓይን የሚበቃ ድፍን ቁጥር ጣለለት።

ስነግራቸው ሳቁ፤ መርፌዋን ነቅለው፣
«ታዲያ ምን ገረመህ?» አሉኝ ቁጭ ብለው፤
«ለካ የኛው አገር ልጅ ኖሯል ስልኩ!
አባቴም፣ ቀላድ ጣዮች ሲመጡ ሊለኩ፣
ማሳውን አሳንሶ፣ ግማሹን ደብቆ፣
‹ይችው ናት› ይል ነበር ጋቢውን አጥብቆ።
ለሚለካው ሰውማ
ልኩን ማን ይናገራል?»

ከዚያ ወዲያ ስልክን ስለ ራሱ አልጠየቅሁ።
የአንድ ብር ሳንቲም መስታወቱ ላይ አሳረፍሁ፤
ክቡን በጣቴ እያሰፋሁ፣ እያጠበብሁ፣
የብርሃኑ ቀለበት ከብሯ ሥር እስኪጠፋ
ጠበቅሁ።
ያኔ ነጥቡ ወጣ፤ ሁለት መቶ ሰባ።
ክቡን ዳግም ሣልሁት፤
ቁልፉ እንደ ሙዳይ ክዳን ልክክ ብሎ ገባ።

ዞር ብዬ ስመለስ፣ ሳንቲሟ መስታወቱ ላይ የለችም።
ጋሽ ሽባባው መኪናቸውን ይረግጣሉ፤
ቀና አላሉም።