የፖሊክሴኒ ደረጃ

ስሟን ከመልእክት ላይ ነበር የማውቃት፤
ተሰሎንቄ ሲሉ ሰው የሚኖርባት
አትመስለኝም ነበር፤ አውቶቡስ ያላት፣
ዓሣ ሻጭ የሚጮህባት፣ ልብስ የሚሰጣባት።

ለአምስት ወር መጣሁ ከአንድ ሻንጣ ጋራ፣
የታሪክ ተማሪ፣ ድንጋይ ልቆጥር በተራ።
መምህር ስትራቶስ ወረቀት አደለን፣
ዐሥራ አራት ስፍራ ተዘርዝሮልን፤
ዐሥራ አምስተኛው መስመር ባዶውን ቀረ፣
«እሱን ከተማዋ ትሙላው» ብሎ ነበረ።

ሮቶንዳ ክብ ነው፣ እንደ ትልቅ ጎታ፤
አንዴ ለጣዖት፣ አንዴ ለጌታ፣
አንዴም ለአላህ ተሰግዶበታል፤
ዛሬ ትኬት ቆራጭ በሩ ላይ ያዛጋል።
ካማራ ቅስት ሥር ወጣት ይቃጠራል፤
የድንጋይ ወታደር አፍንጫው ረግፏል፣
ከሥሩ አንድ ጎረምሳ ሰዓቱን ያያል።
ነጩን ግንብ ወጣሁ፣ ደረጃው ሲያዞረኝ፤
ከላይኛው ሰፈር ቅጥር ላይ ስቀመጥ ቫርዳሪስ መጣብኝ፣
ነፋሱ ነጠቀ ወረቀቴን ቀማኝ፤
ሦስት ልጆች ሮጠው ከገደል አመጡልኝ።
ምልክት፣ ምልክት፣ ምልክት አደረኩ፤
እንደ ገበያ ዕቃ ከተማ ሸመትኩ።

ቤት ያከራየችኝ ፖሊክሴኒ አሮጊት፣
ጆሮዋ ከብዷታል፣ ምላሷ ግን ስለት፤
«ድንጋይ ልታዪ ነው ባሕር የተሻገርሽ?
ምነው፣ በአገርሽ ላይ ድንጋይ አለቀብሽ?»
ትለኛለች ጠዋት፣ ቡጋጻ እየቆረሰች፣
ስኳሩን ከቀሚሷ እያራገፈች።

እብነ በረድ አለ ከጓሮዋ ደፍ ላይ፣
መሐሉ የሳሳ፣ ያለቀ ሳሙና መሳይ።
ዓሣ ትፍቅበታለች፣ በሶብላ ትደረድራለች፤
ድመቷም ፀሐይ ስትሞቅ እዚያው ትተኛለች።
እኔም ጫማ ለማሰር ስንቴ ተቀምጫለሁ፤
ዐሥራ አምስተኛው ስፍራ የት ይሆን ብያለሁ።

በኅዳር ቧንቧ ፈነዳ። ቧንቧ ሠሪው መጥቶ
ድንጋዩን ገለበጠ፣ በዲጂኖ አንሥቶ፤
ከሆዱ በኩል ጽሑፍ፣ አራት ማዕዘን ፊደል፣
ጭቃ የጎረሰ፣ ግን ትናንት የተቀረጸ የሚመስል።
ሰውየው ዝም አለ።
ፖሊክሴኒን አየሁ፤ አልገረማትም፤
«አውቃለሁ» አለች፤ ሌላ አላለችም።

ማታ፣ ሾርባው ቀዝቅዞ፣ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦
«ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ በጋሪ አመጣት።
ድንጋይ በነፃ ነው ይባል ነበር ያኔ፤
መሬት ላይ ሲደፋት አየሁ በዓይኔ።
‹ፊቷን አዙረው› አለች እናቴ፣ ‹እንዳታየን›፤
ሰማንያ ዓመት እንግዲህ እየረገጥን ኖርን»።

ወረቀት አልብሼ ፊደሉን በከሰል አሸሁት፤
ለሽማግሌው ዳቪኮ፣ ለመነጽር ጠጋኙ፣ ወሰድኩት።
ከቀኝ ወደ ግራ ጣቱን አስከተለ፤
«ሪኩላ» አለ። ቆየ። ደግሞ «ሪኩላ» አለ።
«የቀለም ነካሪው ልጅ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ።
ቀሪው ተሰብሯል፤ የለም ቀነ ሞቷ»።
ዐሥራ ዘጠኝ። የእኔ ዕድሜ። እሱ ግን አልጨረሰም፤
«የት ነው የምትማሪው?» ነገርኩት። አልተገረመም።
በአገጩ ጠቆመኝ፣ በመስኮቱ ማዶ፦
«የሙታን ሰፈር ነበር፤ እሱ ሁሉ ተንዶ
ነው ሕንጻሽ የቆመው። ጥግ ላይ ሐውልት አለ»።
አስታወስኩ፤ ትናንት ብስክሌት ተደግፎት ዋለ።

በማግስቱ ትምህርት ነበረን፣ ስለ ሮማውያን ቅስቶቻቸው፤
ከወለሉ እግሮቼን አነሣሁ፤ ዛሉ፤ አወረድኳቸው።

ባዶው መስመር ላይ ጻፍኩ፦ «የጓሮ ደፍ፣ ቁጥር ዐሥራ ሁለት፤
አያስፈልገውም ትኬት»።
መምህር ስትራቶስ ቀይ እስክሪብቶውን ያዘ፣ ቆየ፤
ነጥብ ሳይሰጥ አጠፈው፤ በመስኮት ውጭ አየ።

ድንጋዩ ሎሚው ሥር ቆሟል፣ ፊቱ ወደ ፀሐይ፣
ወሳጆቹ እስኪመጡ። ከበሩ ደፍ ላይ
ጉድጓድ ቀረ። ፖሊክሴኒ ግድግዳ ይዛ ትሻገራለች፤
«ጣውላ ላድርግበት?» ስላት፣ «ተይው» ትለኛለች።