ሲጠብቅ፣ ሲላላ

ዘጠነኛን ጨረስሽ፣ ሙንተሃዬ፣ እሰይ!
ዘጠና ሰባት ነጥብ አራት፣ ያንቺ አይደለም ወይ?
ይኸው ደግሞ መጣ የመምረጫው ወረቀት፤
አንድ ልጅ፣ ሁለት በር፣ ሁለት ትምህርት ቤት።

የቅርቡ አለልሽ፣ ዳቦ ቤቱን አልፎ፣
የሚደረስበት እስከ ደወል አርፎ፤
ክፉ አይወጣኝም፣ እሱም ሰው ያወጣል፣
ከኡም ጃሲም ቤት ብቻ ሁለት ነርስ ተቆጥሯል።
የማዶው ግን ድልድይ አለው፣ ሁለት አውቶቡስ፣
በየዓመቱ ሰኔ ስሙ የሚወደስ፤
በመንግሥት ወንበር ላይ፣ ሳይከፈል ዲናር፣
ከባለጠጋ ልጅ እኩል የሚያሰልፍ በር።
ሙሐረቅ ትምህርት ቤት ሲመርጥ ውጤት ያነባል፤
እኔ ፊደላቸውን አላውቅም። ወለሉን ግን ማን ይቀድመኛል?

ስምንት ዓመት ጠርጌዋለሁና።

ወለል ይናገራል ጧት ጧት ስጠርገው፤
የእርሳስ ቅራፊ ነው፣ የታኘከ እስክሪብቶ ነው።
ቀድሞ የሠራሁበት፣ የሽንት ቤቱ በር፣
የወንድ ስም ነበረው፣ ልብና ስልክ ቁጥር፤
እዚህ የኬሚስትሪ ቀመር ተጽፎ አገኘሁ፣
ልማዴ ነውና በክሎሪን አጠፋሁ፤
አንዷ በማግስቱ መጣች እንደ ለቅሶ ቤት፣
«ኻላ፣ ለምን አጠፋሽው? ፈተናዬ ነው ሐሙስ ዕለት!»

አልዋሽሽም ደግሞ። የፈተና ሰሞን
ከመታጠቢያው ጉድጓድ በእፍኝ አወጣለሁ ፀጉራቸውን፤
ዘጠና አራት አምጥታ፣ ሽንት ቤት ገብታ ተቆልፋ፣
የምታለቅስ አለች፣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋ።
እኔ በሩን አላንኳኳም። ውሃ እከፍታለሁ፣
ድምጿ እንዳይሰማ ባልዲ እሞላለሁ።

«እንግዲያ ለምን እዚያ?» ትዪኝ ይሆናል፤
ልቤ በአብላ በድርያ ተረትቷል።
ፊዚክስ ናት። ያልገባት ካለች እረፍቷን ትተዋለች፣
ከዚያ ሰሌዳውን ራሷ ጠርጋ ትወጣለች።
ለእኔ አስባ ይሁን፣ ልማድ ይሁን እንጃ፤
የያዝኩት ይሄው ነው፣ ሌላ የለኝ ማስረጃ።

አንቺ ግን ዝም አልሽ። «ሩቅ ነው» አልሽ ቆይተሽ፣
የሻሽሽን ጫፍ በጣትሽ ጠቅልለሽ።
ሩቅ ያልሽው ድልድዩን እንዳልሆነ ገባኝ፤
ባልዲዬ ነው ሩቁ፣ ደረቴ ላይ የተለጠፈው ነው መሰለኝ።
«እማ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሳለሁ ብታገኚኝ…»
አልጨረስሽውም። እኔ ጨረስኩልሽ፤
«አላውቅሽም እላለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ፣ ልጄ፣ አይክበድሽ።»

ያን ማታ ቅጹን ሞላሽ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ፤
እስክሪብቶሽ ሲቆም ልቤም አብሮ ሲቆም ተሰማኝ።
ተኛች ብዬ አነሣሁት። ፊደሉ ጉንዳን ነው ለእኔ፤
ግን አንዲት ቃል አወቅኩ፣ ለየኋት በዓይኔ፣
በየቀኑ ደረቴ ላይ የምሸከማት፣
ከስሜ ቀጥሎ ተጽፋ አየኋት፦

ፈራሻ።

አልተኛሽም ለካ። «እማ፣» አልሽ ከጨለማው፣
«ይቺ ቃል ሁለት ናት፣ እንደሚያነባት ሰው፤
ስትጠብቅ ጠራጊ፣ የወለል አገልጋይ፣
ስትላላ ቢራቢሮ፣ የምትበር አበባ ላይ።
ምልክት አላኖርኩባትም። እንዳሻቸው ያንብቧት።»
እኔም «በኛ አፍማ፣» አልኩ፣ «ፈራሽ የሚናድ ነው ቤት!»
ሳቅሽ። አልጋው ተንቀጠቀጠ።
የትኛውን ትምህርት ቤት እንደጻፍሽ ሳልጠይቅሽ ነጋ።

መልሱ ገና አልመጣም። ነሐሴ ነው፤ ፎቁ ባዶ።
ዛሬ አሥረኛ «ለ» ክፍል፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
ባሕሩ ብልጭ ከሚልበት፣
አንዲት ወንበር አለች፣ እግሯ የላላባት፤
በአምስት ፍልስ ሳንቲም ብሎኗን አጠበቅኩላት።