የሁዳዴ ወተት

ከአዘዞ ዝቅ ብሎ፣ መገጭ ዳር ነው ቤቴ፤
አንዲት ላም አለችኝ፣ ዕዳዬም ሀብቴ።
ጥቁርና ነጭ ናት፣ «ቡሬ» ነው የምላት፤
ሦስት ያገር ላሞች ሸጬ ያመጣኋት።

ያገር ላሞች ሳሉ፣ እነ ዳለቻ፣
ረግረጉን ግጠው ውለው ብቻ ለብቻ
ማታ በገዛ እግራቸው ቤት ይገባሉ፤
አንዳንድ ጣሳ ነው፣ ከዚያ በላይ የሉ።
ግን ፉርሽካ ግዢልን ብለው አያውቁ፣
በሽሮ ቤት አድረው በሽሮ አልሳቁ።

ቡሬ ሌላ ናት።
ፋጉሎው ከጎንደር በባጃጅ ይመጣላታል፤
ሐኪሙ በስልክ ይጠራላታል፤
ጥላ ትወዳለች፣ ፀሐይ ያማታል።
በቀን አራት ጀሪካን ውኃ ትጨልጣለች፤
ልጄ አንጓች በጀርባዋ ታመላልሳለች።

የቅበላ ሰሞን ከወረዳ መጣ
ግዛቸው፣ የጎረቤቴ የዳምጤ ልጅ፣
በነዳለቻ ወተት ጥርስ ያወጣ።
ፎርሙን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፦
«እትዬ ብርቄ፣ ላም ስታመነዥክ
ግሳቷ ሽቅብ ይወጣል፤
ሰማዩን ያሞቃል፣ ዝናብ ያዛባል።»

ሳቅሁበት።
አንበሳ ሲያገሳ አገር እንደሚፈራ
ሰምቼ ነው ያደግሁ፤
ላም ስታገሳ ግን ሰማይ ይፈራል ብሎ
የነገረኝ የለም።

ሳቄ ሳያልቅ ዓይኔ ቁልቁል ወረደ።
ሣር የነበረበት አፉን ከፍቶ፣ ተንዶ፣
ቦረቦሩ አጥራችን ሥር ደርሷል፤
አምና ክረምት የአያ ጎበዜን ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ጎርሷል።
ረግረጉ ሽንኩርት ሆኗል፤ ሞተሩ ያጓራል፤
መገጭም በየካቲት ድንጋዩን ይቆጥራል።
እኔም እበቷን ጠፍጥፌ፣ በኩበት ደርድሬ፣
ለከተማ ምድጃ እሸጣለሁ ቆጥሬ፤
ማሳዬ ይራባል። አያለሁ። ዝም እላለሁ።

ታዲያ ማን በላው?
ቡሬ ናት? እኔ ነኝ?
ወይስ ፒያሳ ተቀምጦ ማኪያቶው ላይ
አረፋ የሚያስጨምረው?
ግዛቸውን ጠየቅሁት።
ፎርሙን አገላብጦ አየ፤
ለዚህ የሚሆን ሣጥን የለውም።
«ስንት ላም?» አለኝ። «አንድ» አልሁት። ጻፈ።

ሁዳዴ ገባና ወተት ረከሰ፤
የማኅበሩ ሚዛን አቧራ ለበሰ።
ለላም ማን ይንገራት ጾም መግባቱን ሄዶ?
ጠዋት ዐሥር ሊትር፣ ማታ ሰባት ወርዶ
ባልዲው ይሞላል።
ሲነጥርብኝ ጣቴን በቀሚሴ እጠርጋለሁ፣
ምላሴ በልማዱ እንዳይስት እፈራለሁ።
ናጥሁ፤ ቅቤው ቅል ሞላ፤
አሬራው ለጥጃ፣ ለውሻ፣ ለሌላ።

ዘንድሮ ግን ረመዳን ከሁዳዴ ገጥሟል።
ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሰዒዳ በጓሮ ትመጣለች፣
ሁለት ሊትር ይዛ ሮጣ ትሄዳለች፤
አዛን ሲሰማ የኔ ወተት
እሷ ቤት ጾም ይፈታል፤
እኔ ደግሞ ሽምብራዬን ቆርጥሜ
ነገ ሌሊት ተነሥቼ ጾሜን እቀጥላለሁ።
አንድ ላም፣ ሁለት ጾም።
ይኸም ፎርሙ ላይ አልነበረም።

ከዚያ የፋሲካ ዋዜማ ስልኬ አላረፈም፦
«ብርቄ፣ ሁለት ሊትር!» «ብርቄ፣ እባክሽ፣ ለአራስ ልጄ!»
ያ ሁለት ወር ሙሉ ፊቱን ያዞረብኝ
የሻይ ቤቱ ጥጋቡ እንኳ በእግሩ መጣ።
ምን ልበለው?
ቡሬ እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል፤
ባለፈው ሐሙስ ነጠፈች።
አገር ሁሉ ሲፈታ
እሷ ገና ጾም ያዘች።

ባዶ ጀሪካኔን በር ላይ ደፍቼ
በረት ገባሁ። ጨለማው ውስጥ ተኝታ
ታመነዥካለች።
አገሳች።
ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት።