ጨው አቀባይ

ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ነው የዶርሊን ቁርስ ቤት፣
አራት ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የማንቀርበት።
አሪዞና ነው አገሩ፤ ቁልቋሉ እጁን ሰቅሎ
እንደ ምርኮኛ ወታደር የቆመ፣ በፀሐይ ከስሎ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኦቬ የሚባል የዴንማርክ ሰው
በአያቶቻችን ዘመን፣ ከተራራው በቅሎዪቱ ስትመልሰው፣
አንድ እግሩ ባዶ ነበር፣ ካልሲውን በእጁ አንጠልጥሎ፤
ካልሲው ሙሉ ወርቅ። ሦስት ቀን አተኮሰው፤
ሞተ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጥሎ፦
“የመርፌው ድንጋይ ጥላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ጫፉ ያረፈበት።”
ይኸው ነው። ቀን የለበት፣ ዘመን የለበት፤
ወርቁን ተናዘዘ ሰውዬው፣ ወሩን ግን ዋጠበት።

ሎዌል የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፣ ጉልበቱ እስኪከዳው፤
“ታኅሣሥ ነው” ይላል፣ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታው።
“ካፖርት ለብሶ ነበር! በሐሩር ካፖርት ማን ይለብሳል?
በታኅሣሥ ፀሐይ ዝቅ ትላለች፣ ጥላው ወደ ሰሜን ይፈሳል።”

ዊልማ፣ ሠላሳ ዓመት በመሬት መዝገብ ቤት ስትጽፍ
የኖረች፣ ማኅተም የሌለው ደመና እንኳ የማታሳልፍ፣
“ሰኔ ነው” ትላለች። “ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሁለት ባልዲ ውኃ!
በታኅሣሥ ማን ሁለት ባልዲ ይጠማዋል፣ በዚህ በረሃ?
ጥላው ወደ ደቡብ ነው! ካፖርቱን ወርቅ ሊሸከምበት ነው የያዘው።”
ሎዌል ሲስቅ፣ ቧንቧ ነው፣ ድንገት ድፍኑን ያፈረጠው።

ቨርጅል፣ ጡረታ የወጣ የተማሪ አውቶቡስ ነጂ፣
“ጉድጓድ የለም፣ ባቡር ዘርፎ ነው” ይላል፤ ይላል እንጂ
አንድ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም፤ አካፋውም ከኛ አካፋ ይሰላል።
እኔ ሬይመንዶ ጎማ ለጣፊ ነኝ፤ የኔን ሐሳብ ማን ይጠይቃል?

አንድ ጊዜ ሎዌል ካርታውን አዋሳት፣ የአሥር ዓመት ድካሙን።
በቀይ ቀለም አርማ መለሰችው፤ አርማለታለች ስሙን።
ወርቅ ላበደረ ጠጠር! ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም፤
ግን አልቀሩም፤ ፊት ለፊት ናቸው፣ ወንበርም አልቀየሩም።

“ሬይመንዶ፣ ለዚች ሴት ንገርልኝ፣ ጨዉን ታቀብለኝ።”
“ሬይመንዶ፣ ለዚያ ሰው ንገርልኝ፣ ጨዉ በደቡብ በኩል ነው፣ አያድክመኝ።”
እኔም አነሣዋለሁ፣ ከእጇ ወደ እጁ፣ ስድስት ዓመት፤
በመሃል ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም፣ ሲለኩት።

ከቁርስ በኋላ ተራራው ሥር ሁለት መኪና ይቆማል።
እሱ ወደ ሰሜን፣ እሷ ወደ ደቡብ። ሲጨልም
ሎዌል ተነሥቶ አይሄድም፤ መብራቱን አብርቶ ይጠብቃል፣
የዊልማ ባትሪ ከቋጥኙ ሥር ብቅ እስኪል። ያኔ፣ ሳይቀድም፣
ሳይከተል፣ ይነዳል።
ይሄንን ነገር ማንም አንሥቶት አያውቅም።

ሎዌል በኅዳር ሞተ፣ ታኅሣሡን ሳያገኘው።
ጥላ ሊለካበት የገዛው ገመድ መኪናው ውስጥ ነበር፣ እንደ ታሰረ ነው።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ጎረምሳ መጣ፤
ብሬይደን ይባላል። ድሮን አለው። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፦
“ኮምፒዩተሩ አስልቶታል” አለ። “ሰኔ ነው። ደቡብ። አለቀ።
ሰሜን ያለው ሽማግሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በከንቱ ማቀቀ።”

ሃያ ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። ቨርጅል ሹካውን አስቀመጠ፤
እኔ ሳላስበው ጨዉን ያዝኩ። የዊልማ ፊት ተለወጠ።
“ካፖርት ለብሶ ነበር” አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።
“በሐሩር ካፖርት ማን ይለብሳል? ቁጭ በል፣ አንተ ልጅ፣ ተማር።”
በጣቷ ጠረጴዛውን መታች። ሁለት ጊዜ። እንደሱ።
የሎዌል ወንበር ባዶ ነው፤ ልጁንም አላስቀመጥነው በእሱ።

ከሰዓት በኋላ ገመዱን ፈታች፤ ጫፉን ለእኔ አስያዘችኝ።
አሥር ሰዓት ሲሆን፣ “ወደ ሰሜን ሂድ፣ ሂድ” እያለች ገፋችኝ።
ምን እንዳገኘን ትጠይቁኝ ይሆናል።
ጠጠር።
ሁለት ጠርሙስ። የሎዌል አሮጌ የጉድጓድ አፎች፣ ሲቆጠሩ አሥራ አራት ነበር።

ጨለመ። ዊልማ ሞተር አላስነሣችም፤ መብራቱን ወደ ቋጥኙ አበራችው።
“ማንን ነው የምንጠብቀው?” አለ ልጁ።
ቨርጅል በክርኑ ጎሸመው።