ውሃ በስንት ይፈላል?

መጽሐፉ አንድ መስመር አለው፦ «ውሃ በመቶ ይፈላል»፤
ኖጋ ግን ቴርሞሜትሯን ነክራ፣ «አባ፣ ዘጠና ስምንት ይላል!»

ቤታችን አራድ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ነፋስ የማያጣው፣
አቧራ እንደ ዘመድ ሳያንኳኳ ገብቶ የሚቀመጠው።
ሦስቴ አፈላች፤ ሦስቴም ያው ነው፤ ንቅንቅ የለም፣
«ዕቃው ተበላሽቷል» ብላ ወረወረችው፤ ደግነቱ አልተሰበረም።

እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ
ወደ ጨው ባሕር ቁልቁል ወርጃለሁ፣ ሽቅብ ወጥቻለሁ፣
ቱሪስት፣ ወታደር፣ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ሴቶች ጭኛለሁ፤
ፊዚክስ አልተማርኩም፤ መሪ ይዤ ያየሁትን ግን አውቃለሁ።

ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አራድ ላይ ክዳኑን አጥብቄ
ከወንበሬ ሥር ስጥለው፣
ታች ስደርስ ተጨራምቶ አገኘዋለሁ፣ የጨበጠው እጅ ሳይኖር፤
ጆሮዬም ይደፈናል፤ ምራቄን ስውጥ «ጧ» ይላል፣ ይከፈታል እንደ በር።

ይህን ነገርኳት። ዝም አለች። የዚህች ልጅ ዝምታ
የድስት ክዳን ነው፤ ሥሩ ሲንተከተክ የሚሰማው ማታ።

ዓርብ ጠዋት የውባለምን መኪና ለምነን፣
ትንሿን የጋዝ ምድጃ፣ ድስት፣ የቧንቧችንን ውሃ ጭነን፣
ቁልቁል።
«ከባሕሩ ለምን አንቀዳም?» አልኳት። «አይሆንም» አለች እንደ ዳኛ፣
«ጨው የራሱ ጣጣ አለው፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የምንለውጠው እኛ።»

መንገዱ መሐል አንድ ዓምድ አለ፤ «የባሕር ወለል» ተብሎ የተጻፈበት፣
ባሕር የለም፤ ድንጋይና ጠራራ ብቻ፣ ቱሪስት ፎቶ የሚነሣበት።
ነፋሱን በካርቶን ጋርደን ድስቱን ጣድን፤
ዘጠና ስድስት... ዘጠና ዘጠኝ... ትንፋሻችንን ያዝን፤

መቶ!

ለካ የመጽሐፉ መቶ አድራሻ ነበረው፣
እዚህ ዓምድ ሥር ተቀምጦ፣ መጥቶ እስኪጠይቀው ሰው።

ዔን ቦቄቅ ስንደርስ ጠርሙሱ ተጨራምቷል፤
ውሃውም መቶ አንድን አልፎ፣ ጥቂት ጨምሮ ይንተከተካል።
ኖጋ አልጮኸችም። ጻፈች። ከዚያ ነገረችኝ ቀስ ብላ፦

«አየር ክብደት አለው፣ አባ፤ አናታችን ላይ የተከመረ፤
ስንወርድ ክምሩ ይጨምራል፤ ጠርሙስህን የጨመቀው እሱ ነበረ።
አረፋ ከድስት ለመውጣት ያን ሸክም መግፋት አለበት፤
ሸክሙ ሲከብድ ጉልበት ይሻል፤ የአረፋ ጉልበት ሙቀት።»

ያኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። ከጎንደር ወዲያ፣ ከአምባው ላይ፣
ውሃው ቶሎ ይንፈቀፈቃል፤ ባቄላው ግን እንደ ጠጠር ነው ሲታይ።
«ይፈላል እንጂ አያበስልም!» ትላለች፤ ማገዶውን ትሰድባለች።
ማገዶው ጥፋት አልነበረበትም። እሷም። አየሩ ነበር የሳሳው፤
ውሃው ዘጠና ሦስት ግድም ሲደርስ የሚያቆመው አጥቶ ነው የፈላው።
ሄጄ ልነግራት አልችልም። ቢቻል፣ ለዚህች አንዲት ነገር ብቻ
እመለስ ነበር።

ወደ ቤት ስንወጣ ጠርሙሱ ከኋላ ወንበር «ጧ! ጧ!» እያለ
ጎኑን ነፋ፤ አራድ ስንገባ እንደ ድሮው ሞልቶ ዋለ።

እሑድ ፈተና ነበር። «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ይላል ጥያቄው፤
ኖጋ «የት ሆኖ?» ብላ ጻፈች፤
መምህርቷ ገና አላረመችው።

ሰኞ ተሳፋሪ ጭኜ ስወርድ ዓምዱ ጋ ፍጥነት ቀነስኩ፤
«መቶ!» አልኩ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ።
አንዲት አንሶላ አጣቢ ከኋላዬ ቦርሳዋን ጨብጣ፣
«ታሪፉ ጨመረ እንዴ?» አለች፣ ደንግጣ።