የጎረቤት ቁልፍ

ሁሳቪክ በጥር ወር ንጋት የለው ከቶ፤
ጀልባው ሁሉ ወደብ ላይ፣ በረዶ ለብሶ ተኝቶ።
እኔና ስቱርላ፣ ካፖርት ደራርበን፣
በጨለማው መንገድ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣
የራግንሄይዱርን በር እናንኳኳለን።

ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው፣ ከመነጽሯ ክር ጋር፤
ሳጥኑ ከኩሽናዋ፣ ከዱቄት ጣሳው ዳር።
አንዲት ፍሬ ቆጥራ ለልጄ ትሰጣለች፣
ውሃ ትቀዳለች፣
ስለ ዓሣው ዋጋ ታወራኛለች።
እኔ ከደጃፉ አላልፍም፤
ምንጣፏ ላይ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ፤
ካቆምኩ ሰባት ዓመት፣ ዛሬም እፈራለሁ።

ያቺን ፍሬ አውቃታለሁ።
ሬይክያቪክ፣ ምድር ቤት፣ የሰው ልጅ መድኃኒት
ገዝቼ ነበር አንድ ሌሊት።
ብልቃጡ ላይ ስም ነበር፣ የማላውቀው ልጅ ስም፤
በጥፍሬ ፋቅኩት እንጂ አላነበብኩትም።
አንድ ሌሊት አልኩ እንዴ?
አምስት ክረምት ነበር።

ሐኪሟ ስትነግረኝ፣ «መድኃኒት ይጀምር»፣
እባብ እንዳየ ሰው በልጥ በረገግሁ፤
«የኔ ደም ነው» አልኳት፣ «ሱሴን አወርሰዋለሁ»።
«በልኩ፣ በክትትል ነው» አለችኝ ረጋ ብላ፤
«ሳይታከም ያደገም አለ፣
በገዛ እጁ መድኃኒት የሚፈልግ ኋላ።»
ይህን ስትል ያየችው ወረቀቱን ነው ወይስ እኔን?

ልጄ ያኔ፣ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ
መስኮት ላይ የሚረሳ፣
አንድ እግር ጫማውን ጥሎ ከክፍል የሚነሳ።
አሁን ስለ ዓሣ ነባሪ አንድ ገጽ አንብቦ ጨርሷል።
ምሳውን ግን አይበላም፤ ማታ ማታ ያለቅሳል።

ማክሰኞ ራግንሄይዱር በረዶ ላይ ወደቀች።
የአምቡላንሱ በር ሳይዘጋ
ክሩን ካንገቷ አወለቀች፤
ቁልፉን መዳፌ ላይ አኑራ
«ከዱቄቱ ዳር ነው» አለች፣
የማላውቅ መስሏት፣ አደራ።

አሥራ ዘጠኝ ፍሬ። ቆጠርኳቸው ሦስቴ።
ጀርባዬን ላብ አጠመቀው፣ ደረቀ አንደበቴ።
«አባዬ፣ እኔ ልቁጠር?» አለ ልጄ ከኋላዬ።
ብልቃጡን አዞርኩት፤
ስሙን አነበብኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፦
ስቱርላ፣ የኬቲል ልጅ።
ኬቲል እኔ ነኝ።
ጥፍሬን ኪሴ ውስጥ ሸሸግኩት።

አንዷን ሰጠሁት። ዋጣት። ቦርሳውን አንግቦ ወጣ።
ቁልፉን ለትምህርት ቤቱ ነርስ አስረከብኩ፤
ስሜን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።
እጄ ግን እስከ ማታ
እንደ ጨበጠ ዋለ።