ከአንድ እስከ አምስት የተጠበቀ

ውሉን የጻፍነው በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ነው፤
ፊቱ የእናቱን ክኒን፣ ጀርባው የኔን ከርሞ የያዘው።
ሂርማታ፣ ከአወይቱ ድልድይ ማዶ፣ ነጂብ ኮምፒውተር ቤት፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት፣
ሸምሱ አንድ አዛውንት መሀል ተጫዋች ሰጠኝ፤
ጉልበቱ ያለቀ፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ቁመቱ ግን አማለለኝ።
እኔም በምላሹ የከርሞ አንደኛ ዙር ተራዬን
በአንድ ቅድመ ሁኔታ አስሬ፣ አሳልፌ መስጠቴን
ፈረምኩ፦

«ዕጣው ከአንድ እስከ አምስት ከወጣ፣ ተራው የራሴ ነው፤
ከስድስት ወዲያ ከሆነ ግን፣ ሸምሱ ይውሰደው።
የራሴ ከሆነ ዕዳው አይሞትም፣ ለከርሞ ይሻገራል፤
በአራተኛው ዓመት ጥበቃው ይነሳል።»

ሰው የለም እዚያ ውስጥ። ላብ የለም፣ ኳስ የለም።
የነጂብ ማሽን ነው ሌሊቱን የሚያጫውተው፣ መብራት ካልጠፋ፤
ጠዋት ቁጥር ይተፋል፦ ማን አገባ፣ ማን ሳተ፣ የማን ጉልበት ከፋ።
የኔ ቡድን የቦዬ ጉማሬዎች፣ የሱ የአጂፕ መብረቅ፤
«ጉማሬ ውሃ ውስጥ እንጂ ሜዳ ላይ አያምርም» ይለኝ ነበር ሲስቅ።
በዚህ ሊግ ደግሞ ለተሸናፊ ነው ቀድሞ መምረጥ የሚፈቀድ፤
ግርጌ የወደቀ፣ ከአዲሶቹ ልጆች መልካሙን ሊወስድ።

እናቴ ስነግራት፣ መርካቶ፣ ከሚጥሚጣ ቁናዋ ኋላ፣
«ይሄማ እቁብ ነው» አለች፣ «ተራ ሸጠህ ልትበላ።
ዋስ ጠርተሃል? ዳኛ አላችሁ? ዕጣውስ በምን ይወጣል?»
በማሽን አልኳት። ሳቀች። «ላም አለኝ በሰማይ ይሻላል፤
ሰማዩ ሲጠራ ቢያንስ፣ አንጋጦ ይፈለጋል።»

በመጀመሪያው ዓመት ሦስተኛው ዕጣ ወጣልኝ፤ ተረፍኩ።
የሽማግሌው ጉልበት ኅዳር ላይ ተበጠሰ፤ ሃያ ሰባቴ ተሸነፍኩ።
በሁለተኛው ዓመት አምስተኛው፤ ለጥቂት፤
ሸምሱ ጠረጴዛውን መታ፤ የአቮካዶ ጭማቂው ፈሰሰ በሠንጠረዡ ፊት።

ከዚያ ቦንጋ ደረሰው፣ ሒሳብ ሊያስተምር።
በየእሁዱ ይደውላል። ሰላምታው አጭር፣ ጥያቄው አንድ፦
«ጉማሬዎቹ እንዴት ናቸው?» ልቡ በሁለት መንገድ ሲነድ።
እንድሸነፍ ይፈልጋል፣ ደግሞ ክፉኛ እንዳልሸነፍ፤
ወንዙን እንዳልሻገር፣ ወንዙም ይዞኝ እንዳይከንፍ።
እናት እንኳ ለልጇ «አንደኛ ያድርግህ» ብላ ነው የምትመርቀው፤
«ስድስተኛ ያድርግህ» ብሎ፣ ከልቡ፣ የመረቀኝ እሱ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛው ወጣልኝ። እንግዲህ አልደብቅም፦
ደህና ደህናውን ሸጬ፣ አውቄ ወደ ታች ስሰጥም፣
ተራዬን ላተርፍ ነበር። ገባው። ስልኩ ውስጥ ዝም አለና፣
ከጀርባው የቦንጋ ዝናብ እየተሰማ፣ «በል፣ ለከርሞ። ደህና።»

አራተኛው ዓመት። መብራት የለም። ነጂብ ጄኔሬተሩን ጎተተ፤
ሰባት ሰው አንድ ስክሪን ከብቦ፣ ክፍሉ ናፍጣ ሸተተ።
ቁጥሮቹ ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፤
ሰባት አይደለሁም። ስድስት አይደለሁም። አምስትም፣ አራት፣
ሦስትም፣ ሁለትም።
አንድ። የቦዬ ጉማሬዎች። የተራው ባለቤት፦ ሸምሱ።

ልጁ፣ ማሽን የፈጠረው፣ እናት ያልወለደችው፣ ሁለት ሜትር ከአሥራ አንድ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከሩቅ የማይስት፣ ጉልበቱ እንደ ግንድ።
ማዘዣውን አውጥቼ ደጋግሜ አየሁት፤ ቀለሙ ደብዝዟል፤
«ይነሳል» ያልኩት ቃል ግን፣ በራሴ እጅ፣ አሁንም ይነበባል።

«ያንተ ነው» አልኩት በስልክ። ጮኸ፤ ጎረቤቱ ግድግዳ እስኪደበድብ።

እሁድ አልደወለም። የሚቀጥለውም እሁድ አልደወለም።
ዕዳ ሲከፈል ለካ የሚቆረጥ ገመድ አለ፤ አላወቅሁም።
«ጉማሬዎቹ እንዴት ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ፤
ብሸነፍ የሚደሰት፣ አብዝቼ ብሸነፍ የሚከፋ።

ሦስተኛው እሁድ፣ አጂፕ ታክሲ ተራ፣ ያለ ዣንጥላ ቆሜ፣
ረዳቱ «አጋሮ! አጋሮ!» ሲል፣ ራሴ ደወልኩ ደጋግሜ።
«ሸምሱ፣ ወንበርህ ላይ አንድ ሽማግሌ የለህም?
ጉልበቱ ያለቀ ቢሆን ግድ የለኝም።
የከርሞን ተራ እሰጥሃለሁ።»

ዝናብ፤ የሱ ይሁን የኔ አልለይም።

«የተጠበቀ?»
«ከአንድ እስከ አምስት።»
«ያንተን ቡድን አውቀው የለም እንዴ» አለ፣
«ከአንድ እስከ ሦስት።»